መሪጌታ ዘውገና የእንግሊዙ ጳጳስ

ዓይናቸው አይቶት የማያውቀውን ሰው እንደ ሥጋ ዘመዳቸው የሚያወሩ ሽማግሌ የሌሉበት ደብር የለም። የገነተ ማርያሙ ሊቅ፣ ክቡር መሪጌታ ዘውገ ግን ዘመድ ያገኙት ከእንግሊዝ አገር ነው፤ ያውም ከሞቱ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያለፋቸው ጳጳስ።

ከአብዮቱ በፊት ቤተ ክርስቲያኑን ሊጎበኝ መጥቶ የታመመ አንድ እንግሊዛዊ ቤታቸው ሁለት ሳምንት ተኝቶ ነበር። በተሰባበረ አማርኛ ቻድ ስለሚባሉ ጳጳስ አጫወታቸውና ሄደ። የቀረውን መሪጌታ ሞሉበት። ከአብዮቱ በኋላ እኔ እዚያ ለማስተማር ስመደብ አቡነ ቻድ ገብስ ቆሎ የሚቆረጥሙ የላስታ ሰው ሆነው ጠበቁኝ።

"አቡነ ቻድ ንፋስ ሲነሳ መጽሐፋቸውን አጥፈው ይጸልዩ ነበር" ይሉና በገበሬ ማኅበር ስብሰባ መሀል ለጸሎት ብድግ ይላሉ። በእኛ ደጋ ደግሞ ንፋስ መቼ አርፎ ያውቃል። ሊቀ መንበሩ ጓድ ፈንታው ስለ ምርት ዕቅድ የጀመረውን ንግግር አንድም ቀን አልጨረሰውም።

የባሰው የበቅሎዋ ነገር ነው። ጳጳሱ በእግራቸው ይሄዱ ነበርና፣ መሪጌታ ኮርቻ የተጫነች በቅሎ እየሳቡ ሙጃ ገበያ ድረስ በእግር ይሄዳሉ። "ታዲያ በቅሎዋ ምን ትሠራለች?" ብላቸው "አብራኝ ትሄዳለች" አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል፤ እኔንም አናዶኛል።

አንድ ክረምት የሳንባ ምች ጣላቸው። ላሊበላ ክሊኒክ ካልደረሱ እንደማይተርፉ ጤና ረዳቱ ነገረን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ በቅሎዋን አቀረቡ፤ ጓድ ፈንታው ልጓሙን ያዘ። መሪጌታ ግን እቴ። "አቡነ ቻድ በእግራቸው ነው የሄዱ" ብለው ተነሱና ደጃፉን ሳያልፉ ቁጭ አሉ።

"መምህር፣ አንተን ይሰማሉ፤ አንድ ነገር አድርግ እንጂ" አሉኝ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

"ለመሆኑ ጳጳሱ አንድ ቀን እንኳ ፈረስ ላይ አልወጡም?" አልኳቸው።

መሪጌታ መዋሸት አይችሉም። "አንድ ጊዜ። አለቃቸው ሊቀ ጳጳሱ በገዛ እጃቸው አንስተው አስቀመጧቸው።"

አቅፌ አነሳኋቸው። ቀለውብኝ ደነገጥኩ።

"ቆይ" አሉ እያሳላቸው፣ "ሊቀ ጳጳስ ሳይጸልይ አያነሳም።" ይቺን ከራሳቸው እንደጨመሯት እርግጠኛ ነኝ።

እኔ እግዜር የለም እያልኩ የፖለቲካ ትምህርት አስተምራለሁ። ልጓሙን የያዘው ደግሞ ለአውራጃ ሪፖርት የሚልከው ፈንታው ነው። ግን ሽማግሌው እጄ ላይ ቢሞቱ ስብሰባውን ማን ይበትንልኛል? እወዳቸው ነበር እኮ። "አባታችን ሆይ"ን እስከ መጨረሻው አደረስኩ።

"አሜን" ያለው ጓድ ፈንታው ነበር።

በቅሎዋ ላይ አስቀመጥኳቸው። መሪጌታ ከክሊኒኩ ድነው ተመለሱ፤ በእግራቸው፣ በቅሎዋን እየሳቡ። ከዚያ ወዲህ በሚያወሩት ታሪክ ሊቀ ጳጳሱ የእኔን መነጽርና የእኔን ስም ይዘዋል። ማረም እንጀራዬ ነው፤ ይቺን ግን አላረምኳትም።