ታላቁ ጆሮና የሐጃ መሕቡባ ወንበር

በዓረብ አገር፣ በሩማይሲያ ሰፈር፣ በዶክተር ረሺድ ቪላ የእንግዳ አዳራሽ ውስጥ፣ አራት ዶክተሮች በተገኙበት አንድ ታላቅ ውሳኔ ተላለፈ። የቀድሞው ዘመን ትዝታ ከእንግዲህ በሰው እጅ መቆየት የለበትም ተባለ። ሰው ይረሳል፣ ያረጃል፣ ምሳ ሰዓትም ይደርስበታል። ስለዚህ ትዝታ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እንዲዘዋወርና አዘዋዋሪ ዐቢይ ኮሚቴ እንዲቋቋም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የቤቱ ሠራተኛ ሥርጉት በዚያች ታሪካዊ ሰዓት ሻይ እያዞረች ስለነበር ድምፅ አልሰጠችም።

ኮሚቴው ሥራውን የጀመረው ኮምፒውተሩን በመክፈት ነው። ይህ ብቻውን ሁለት ስብሰባ ፈጀ። ከአራቱ አንዱ የሆኑት የሥነ ጽሑፍ ዶክተር በጥንቃቄያቸው የታወቁ ሰው ናቸውና፣ የይለፍ ቃሉን እንዳይረሱት ብለው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ጽፈው ቆልፈውበታል። በሦስተኛው ስብሰባ ኮሚቴው፣ ዕውቀቱ የተትረፈረፈ ቢሆንም ጥቂት እርዳታ እንደማይጠላ አምኖ፣ "ለሰብአዊ ጥናት የሚሆን የኮምፒውተር መሣሪያ ድጋፍ ስለመጠየቅ" የሚል አሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤ ዶክተሮቹ ለሚያስተምሩበት ኮሌጅ አስገባ። ደብዳቤው ውስጥ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚፈለግ ከመግለጽ በስተቀር ያልተገለጸ ነገር አልነበረም።

ኮሌጁም ኢንጂነር ሙሐመድሰዒድን ላከ። ኢንጂነሩ ንግግር ሰምቶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ፕሮግራም ይዞ መጣ። ኮሚቴው "ታላቁ ጆሮ" ብሎ ሰየመው።

"ያልገባው ቃል ሲያጋጥመው ምን ያደርጋል?" ሲሉ ጠየቁ ዶክተር ረሺድ።

"ከዚህ በፊት ካነበበው ነገር ተነሥቶ ይገምታል" አለ ኢንጂነሩ።

"ልክ እንደኛ!" አሉ ዶክተሩ፣ ልባቸው ተነክቶ። ወዲያው ኮሚቴው ስለ ባሕርና ስለ ዕንቁ ጠላቂዎች የተጻፈ ሦስት ሺህ ገጽ ግጥም ሰብስቦ ለታላቁ ጆሮ አስነበበው። ሌላ ምንም አላስነበበውም።

አሁን የቀረው ትዝታ ያለው ሰው ማግኘት ነበር። እሱም ሩቅ አልነበረም። የዶክተሩ እናት ሐጃ መሕቡባ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ወንዶቹ ለዕንቁ ጠለቃ አራት ወር ባሕር ላይ የሚከርሙበትን ዘመን ሕፃን ሆነው አይተዋል። ችግሩ ጥርሳቸው አልቋል፣ ከታመሙ ወዲህ ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ የሚናገሩትም የድሮ ሰፈር ዓረብኛ ነው። ልጃቸውን እንኳ ከገባቸው ዓመታት አልፈዋል። ዶክተር ረሺድ ከእናታቸው ጋር የሚነጋገሩት በየማለዳው ግንባራቸውን ስመው በመውጣት ነበር።

ንግግራቸው የሚገባት ሥርጉት ብቻ ነች። ከደብረ ብርሃን መጥታ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጥባቸዋለች፣ አጉርሳቸዋለች፣ ስታወራቸው ውላለች። ዓረብኛዋን የተማረችውም ከእሳቸው ነው። ከሰፈሩ ሱቅ፣ ከባቃላው፣ እርጎ ልትገዛ ስትገባ ባለሱቁ "የአያቴ አያት መጣች" እያለ ይስቅባታል።

ሐጃ መሕቡባን ከአልጋቸው አንሥተው አዳራሹ መሐል አስቀመጧቸው። አልጋው ሲንቋቋ ታላቁ ጆሮን ግራ ያጋባዋል ተብሎ፣ ድምፅ የማይሰጥ ደረቅ የእንጨት ወንበር ተመርጦላቸው ነበር። "ታሪካዊ ድባብም አለው" አሉ የሥነ ጽሑፉ ዶክተር። ማይክሮፎኑ ተከፈተ። ሐጃ መሕቡባ ዙሪያቸውን አዩና አጉረመረሙ። ስክሪኑ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ወጣ፦

"መርከቤን ማዕበል ጎኗን በላት፤ መልሕቁን አንሡልኝ።"

ከዶክተሮቹ አንዱ ዓይናቸውን በረጅሙ ነጭ ቀሚሳቸው፣ በዲሽዳሻቸው እጅጌ ጠረጉ።

"ዶክተር" አለች ሥርጉት፣ ትሪውን እንደያዘች፣ "ማማ እኮ 'ወንበሩ ጎኔን በላኝ፣ አንሡኝ' ነው ያሉት።"

ዶክተር ረሺድ በትዕግሥት ፈገግ አሉ። "ሥርጉት፣ ፕሮግራሙ በዘጠና አራት በመቶ እርግጠኛ ነው። አንቺ ስንት በመቶ ነሽ?"

ሥርጉት አሰበች። "እኔ እንጃ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።"

ይህ መልስ በቃለ ጉባኤው አልተመዘገበም።

ውጤቱ በኮሌጁ ዐውደ ጥናት ላይ እንዲቀርብ ቀን ተቆርጦ፣ ጥናቱ ሦስት ሳምንት ገሠገሠ። ሐጃ መሕቡባ "ያ ባለመነጽር ምን ያፈጥብኛል? ሻዩን ጠጥቶ አይሄድም?" ሲሉ፣ ታላቁ ጆሮ "ባለመነጽሩ የመርከብ አዛዥ አድማሱን አፍጥጦ አየ፤ ጥሙን ሳይቆርጥ አይመለስም" ብሎ ጻፈ። ባለመነጽሩ የሥነ ጽሑፍ ዶክተር በዚህ ስንኝ ላይ ሠላሳ ሁለት ገጽ ጥናት አዘጋጁ። በዕንቁ ጠለቃ ዘመን መነጽር ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ ግን ለወደፊት ተመራማሪዎች በልግስና ተዉላቸው።

ሥርጉት በበኩሏ ሌላ ነገር አገኘች። አንድ ቀን ከሰዓት ሐጃ መሕቡባን ስታጥባቸው ጎናቸው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀይ ነገር አየች። ሮጣ ለማዳም ሰሃር፣ ለዶክተሩ ሚስት አሳየቻቸው።

"ሊቆስል ነው፣ ማዳም። ወንበሩ ነው።"

ማዳም ሰሃር ደነገጡ። "ለዶክተሩ ንገሪያቸዋ!"

"ነገርኳቸው። ከዐውደ ጥናቱ በኋላ ይታያል አሉ።"

"እኔም ነግሬያቸዋለሁ" አሉ ማዳም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "'በስንት በመቶ እርግጠኛ ነሽ?' አሉኝ።"

በማግስቱ ሥርጉት ወንበሩ ላይ ትራስ አደረገች። ኢንጂነር ሙሐመድሰዒድ ትራሱ ድምፅ ይመጥጣል ብሎ አነሣው። መልሳ አደረገችው። መልሶ አነሣው። በዚህ ሁኔታ ሳይንስ አንድ ሳምንት ከትራስ ጋር ሲታገል ሰንብቶ የዐውደ ጥናቱ ቀን ደረሰ።

የቤቱ ሾፌር ሙላቱ ሐጃ መሕቡባንና ሥርጉትን ይዞ በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ከተማ ነዳ። ያ የእንጨት ወንበር ከኋላ ተጭኗል።

"ምን አስበሻል? ፊትሽ ጥሩ አይደለም" አላት ሙላቱ በመስታወቱ እያያት።

"ምንም።"

"ሥርጉት፣ ሰዎቹ ዶክተሮች ናቸው።"

"ታዲያ ማማን ያክሟቸዋል ብለህ ነው?"

ሙላቱ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። የኮሌጁ ዳይሬክተር "ማሽን የሰውን ልብ ማድመጥ በጀመረበት በዚህ ዘመን" ብለው ንግግራቸውን ጀምረው፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላም እዚያው ዘመን ውስጥ ነበሩ። በመጨረሻ ሐጃ መሕቡባ መድረኩ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ከኋላቸው ግድግዳ የሚያህል ስክሪን በራ። አሮጊቷ ፊታቸው ተኮማተረና አንድ ነገር ተናገሩ።

"የባሕሩ ሥቃይ ጣፋጭ ነው፤ እዚሁ ተዉኝ" አለ ስክሪኑ።

ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። ሐጃ መሕቡባ ግን እያለቀሱ ነበር። ሥርጉት ከመድረኩ ጥግ ወጣች፣ በሕዝቡ ፊት አቋርጣ ሄደች፣ ሁለት እጇን በብብታቸው አስገብታ እንደ ሕፃን ብድግ አደረገቻቸው።

"ቅጂው ይቋረጣል!" ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ።

"ይቋረጥ" አለች ሥርጉት።

የክብር እንግዶች ከተቀመጡበት ትልቅ ሶፋ ላይ ሁለቱን አስነሣችና ሐጃ መሕቡባን አስተኛቻቸው፤ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አደረገችው። የኮሌጁ ዳይሬክተር ከተነሡት አንዱ ነበሩ። አሮጊቷ ረጅም ትንፋሽ ወጣላቸው። ከዚያ የሥርጉትን እጅ ይዘው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ማውራት ጀመሩ። ብዙ አወሩ። ታላቁ ጆሮ ይህን ሁሉ ሰምቶ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ አወጣ፦ "ጫጫታ። ንግግር አልተገኘም።"

"ምን እያሉ ነው?" አሉ ዶክተር ረሺድ፣ ቀስ ብለው ተጠግተው።

ሥርጉት ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ለአዳራሹ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

"መርከቦቹ ሲመለሱ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወደ ባሕሩ ይሮጥ ነበር ይላሉ። የእሳቸው እናት ግን አትሄድም። ወራጁን እየቆጠረች ባሏን ከምታጣው፣ እቤት ሊጥ እያቦካች በሩ እስኪንኳኳ መጠበቅ ይሻላት ነበር። አንድ ዓመት በሩ ተንኳኳ። የከፈቱት እሳቸው ናቸው፣ አምስት ዓመታቸው ነበር። አንድ ጥቁር፣ ከሲታ፣ ጨው ቆዳውን የበላው ሰው ቆሟል። 'አባቴ የለም' ብለው በሩን ዘጉበት።" ሥርጉት ትንፋሽ ወሰደች። "አባታቸው ነበር። እስኪሞት ድረስ 'ልጄ አላወቀችኝም' እያለ ለጎረቤት እየተናገረ ይስቅ ነበር አሉ። ማታ ግን ሲስቅ አልሰማሁትም አሉ።"

ማንም አላጨበጨበም። ዶክተር ረሺድ ከሶፋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። የእናታቸውን ግንባር ሳሙ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስመው አልሄዱም። "ከዚያስ?" አሉ።

ኮሚቴው በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ሥርጉት እንድትቀጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ነገር ግን የኮሌጁ ሕግ ጽኑ ነው፤ ለጥናቱ ሰው መቅጠሪያ በጀት የለም፣ ያለው መሣሪያ መግዣ ነው። ዶክተር ረሺድ ቅጹን ይዘው ወጥ ቤት ገቡና ካንገራገሩ በኋላ ነገሩን አስረዷት።

"እንደ መሣሪያ ብትመዘገቢ ቅር ይልሻል?"

"መሣሪያ መመሪያ አለው አይደል?" አለች ሥርጉት፣ እጇን እየጠረገች። "መመሪያዬን እኔ እጽፋለሁ። ማማ ደስ ያላቸው ቦታ ይተኛሉ። እዚህ ደግሞ የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ነውና፣ ዓርብ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ስለምሄድ አልሠራም።"

ዶክተሩ ቅጹ ላይ "በየሳምንቱ ዓርብ ለጥገና ይዘጋል" ብለው ጻፉ።

የኮሚቴው ዓመታዊ ሪፖርት በቅርቡ ወጥቷል። አዲሱ መሣሪያ አራት ቋንቋ እንደሚችል፣ ይለፍ ቃል እንደማይጠይቅ፣ መብራት ቢጠፋም እንደሚሠራ በአድናቆት ይዘረዝራል። በመጨረሻው ገጽ ግን የኮሚቴው አባላት አንድ ከባድ ጉድለት ሳይጠቁሙ ማለፍ ኅሊናቸው አልፈቀደላቸውም፦ መሣሪያው ዶክተሮች ሲሳሳቱ ያርማል፤ ማጥፊያውም የት እንደሆነ እስካሁን አልተገኘም።