የጅራታም ኮከብ ፊትና ኋላ

«ፀሐይም ነፋስ አላት» ብሎን ነበር ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ፊዚክስ ያስተማረን መምህር። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እናንተስ ብትሆኑ? ጋምቤላ በመጋቢት፣ ቆርቆሮው ከላይ እየጠበሰን፣ ነፋስ አላት ይለናል! ካላት ለእኛ ሰስታ ነዋ።

እሱ ግን ቀጠለ። ጅራታም ኮከብ የበረዶ ድቡልቡል ናት፤ ወደ ፀሐይ ስትጠጋ በረዶው ይተንና ጋዝ ይሆናል፤ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ከጋዙ ላይ ኤሌክትሮን ይመነትፋል። የተዘረፈው ጋዝ ከዚያ ወዲያ በራሱ አያዝም፤ የፀሐይ ነፋስ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ያ ጅራት ሁልጊዜ ከፀሐይ ይሸሻል። ኮከቧ ከፀሐይ ስትርቅማ ጅራቷ ከፊቷ ይቀድማል።

በዓመቱ አርግዤ ትምህርቴን አቋረጥኩ። ከዚያ ግቢ ይዤ የወጣሁት ይህንን ጅራትና ሆዴን ብቻ ነው።

ያ ሆድ ዛሬ አራተኛ ክፍል ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ልጄ ጅራታም ኮከብ ስላ እንድትመጣ ታዘዘች፤ ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ነገርኳት፤ ጅራቱን ከኮከቧ ፊት አድርጋ ሳለች። በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ከኮከቧ ኋላ፣ ጅራት መኖር ነበረበት በተባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ቀይ ኤክስ። ልጆቹም ስቀውባታል።

«ሁለተኛ አንቺን አልጠይቅም!» አለችኝ።

ለኤክሱ ግድ አልነበረኝም። ያቺ «ሁለተኛ» ግን አመመችኝ። እኔ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሰፈሬን የማልፍ ሴት ነኝ።

እንዲያም ሆኖ ልጄን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

«እህቴ» አለ መምህሯ ወረቀቱን እያየ፣ «ጅራቱ ከፊት የሆነ እንስሳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እንስሳ አይደለችማ መምህር። ጅራት ያልነው እኛ ነን። ከፀሐይ ስትርቅ ይቀድማታል።»

«እሺ፤ የታለች ፀሐይዋ?»

ሁላችንም ወረቀቱ ላይ አፈጠጥን። ኮከብ አለች። ጅራት አለ። ወዴት እንደምትሄድ የሚያሳይ ቀስት እንኳ አለ። ፀሐይ የለችም። ጋምቤላ ተወልዳ ፀሐይን ረሳች! ሰው ሳይለኝ ራሴ ልናገርና፣ ፀሐይዋንም ሳዪ ያላልኳት እኔው ነኝ።

«ፀሐይ ከኋላዋ ብትኖር ኖሮ እኮ...» አለ መምህሩ፤ ዓይኑ ቀዩ ኤክስ ላይ አረፈ።

ልጄን ቢጫ እርሳሷን አቀብይኝ አልኳት። ኤክሱን መሃል አድርጌ ዙሪያውን ከበብኩት፤ ጨረሩን ለእሷ ተውኩላት።