የኋላው ፓራፋንጎ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጀርባችሁን በደንብ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ፊቴን ጠዋት ጠዋት በመስታወት አያለሁ፣ እጄን ቀኑን ሙሉ አየዋለሁ፣ ጀርባዬን ግን ለሰው ትቼው ነው የኖርኩት። ሳይክል የገዛሁ ዓመት ነው ጀርባ እንዳለኝ ያወቅሁት።

ሥራዬ የስፌት መኪና መጠገን ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው፤ ከደንበኞቼ ግን ግማሾቹ ኮምቦልቻ ናቸው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ካቻቢቴዬንና የዘይት ጠርሙሴን በቦርሳ ይዤ እወርዳለሁ። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለቆብን በሹራብ ላይ ካፖርት ደርበን ስናስነጥስ፣ ኮምቦልቻ ሰዉ በሸሚዝ ይዘዋወራል። በመካከል ያለው መንገድ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ይወርዳል። ሳይክል ላለው ሰው ፔዳል መምታት እንኳ አያስፈልገውም፤ ፍሬን መያዝ ብቻ ነው። ስመለስ ሳይክሉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ፣ እንደ ሰው ተቀምጬ እወጣለሁ። ያንን ሽቅብ በፔዳል የሚወጣ ጎበዝ አለ ይባላል። እኔ አላየሁትም።

ሳይክሉ ያገለገለ ማውንቴን ነው። ጎማው ወፍራም፣ ጥርሱ ትልልቅ። ሻጩ ስለ ማርሹ ነገረኝ፣ ስለ ፍሬኑ ነገረኝ፣ ኮርቻው ምን ያህል እንደሚመች ሳይቀር ነገረኝ። ፓራፋንጎ የሚባል የጭቃ መከላከያ እንደሌለው ግን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። የገዛሁት በጥር ነው። በጥር ማን ስለ ጭቃ ይጠይቃል?

ሐምሌ ገባ። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል በእርጥብ መንገድ ላይ ሲሄድ የኋላው ጎማ ጭቃውን እያነሳ ጀርባችሁ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ቀስ ብላችሁ ከነዳችሁ መስመሩ ቀበቶ ላይ ይቆማል። ስትፈጥኑ ወደ ላይ ይወጣል። ጭራሽ ፍሬኑን ከለቀቃችሁት ኮሌታ አልፎ ማጅራት ይደርሳል። ይህን ሁሉ አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ጀርባዬን ማን አሳየኝ?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ምንም አላለኝም። ሰዎቻችን ይሉኝታ ያጠቃቸዋል። በመጨረሻ ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ሰፊ ደንበኛዬ ወንበር አቀረበልኝና፣ ልቀመጥ ስል ብድግ ብሎ መደገፊያው ላይ ጋዜጣ አነጠፈበት። ምነው ስለው፣ እንዲያው ለክብርዎ ነው አለኝ። መደገፊያ ላይ ጋዜጣ የሚነጠፍለት ምን ዓይነት ክቡር ነው? ስነሳ ጋዜጣውን አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓራፋንጎ ፍለጋ ጀመርኩ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። መጀመሪያ የተማሪ ክላሰር ቆርጬ ኮርቻው ሥር በሽቦ አሰርኩ። የወረቀት ነገር ሆነና ሁለተኛው ዝናብ ላይ ተልፈሰፈሰ። ቀጥሎ ከአሮጌ የቻይና ሳይክል ላይ የተፈታ የቆርቆሮ ፓራፋንጎ፣ ለፊትም ለኋላም፣ አስገጠምኩ። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ለቀጭን ጎማ የተሠራ ነው፤ የእኔ ጎማ ወፍራም ነው፤ በመካከላቸው የቀረችው ክፍተት ጣት አታስገባም።

በዚሁ ፓራፋንጎ ለቅሶ ልደርስ ኩታበር አቅጣጫ ሄድኩላችሁ። ከአስፋልቱ ወጥቼ ወደ ገጠሩ መንገድ ስገባ፣ ያ የሚያጣብቅ ጥቁር ጭቃ ቆርቆሮውና ጎማው መካከል ገብቶ ሞላ። ጎማው አልዞርም አለ። በእንጨት ጎረጎርኩ፤ አሥር እርምጃ ሄዶ እንደገና ቆመ። ምን ላድርግ? ሳይክሉን ተሸከምኩት። ዝናቡ እየወረደብኝ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ፣ እያለከለክሁ ለቅሶው ቤት ደጃፍ ስደርስ፣ ሴቶቹ ሲያዩኝ ለቅሶውን እንደ አዲስ ጀመሩት። የሟች ወንድም ከሩቅ አገር መርዶ ሰምቶ የደረሰ መስሏቸው ነው። ሟቹን እኮ በሕይወቴ ሁለቴ ብቻ ነው ያየሁት። አብሽር፣ አላህ ያጽናህ እያሉ ሁለት ሽማግሌዎች ደግፈው አስቀመጡኝ። እውነቱን ለመናገር ድፍረቱ አጠረኝና ተጽናናሁ። በማግስቱ ቆርቆሮውን ፈትቼ ጣልኩት።

እንግዲህ ያለ ፓራፋንጎ ቀረሁ። ዋናው ጣጣ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ክረምት መጀመሪያ ላይ ነው። የኋላው ጎማ ጀርባን ያበላሻል አልኳችሁ። የፊቱ ግን ወዴት እንደሚረጭ አልነገርኳችሁም። ወደ ዓይን ነው የሚረጨው። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ አንድ ጥምዝ ላይ ወፈር ያለ ጭቃ ሁለቱንም ዓይኔን ደፈነኝ። ፍሬን ያዝኩ፤ የት እንደያዝኩ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ነው። አላህ ጠብቆኝ ከገደሉ ወገን ሳይሆን ከተራራው ወገን ነበር የወደቅሁት። ክርኔ ተላጠ፣ ትከሻዬ አበጠ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ነገር ግን ያነሳኝ መንገደኛ ደግ ሰው ነውና ስልኬን አውጥቶ መጨረሻ የደወልኩበት ላይ ደወለ። ሚስቴ ዘሀራ አነሳች። ሰውየው፣ የዚህ ስልክ ባለቤት ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ወድቆ አግኝተነው ነው አላት። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ተሻለው አላላት፣ ደኅና ነው አላላት። እስቲ አስቡት። ሚኒባስ ተሳፍራ እስክትደርስ ድረስ ባልዋ መሞቱን ወይም መኖሩን አታውቅም። ቦታው ላይ ስትወርድ አየኋት። አንድ እግሯ ላይ የራሷ ጫማ፣ ሌላው ላይ የእኔ ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ክርኔን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «እንድሪስ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ይሄን መንገድ በሳይክል እንዳትወርድብኝ። አፈር ስሆን» አለች።

እሺ አልኩ። ወላሂ አላልኩም ልብ በሉ፤ እሺ ነው ያልኩት። ይህ ልዩነት በኋላ ምንም አልጠቀመኝም።

ሳይክሉ ሰፈራችን ያሉት ሳይክል ጠጋኝ ጋሽ ታደሰ ቤት ተሰቀለ። ከእኛ ቤት ሃያ እርምጃ ነው፤ ያውም ኮብልስቶን የተነጠፈበት። እኔም በሚኒባስ መመላለስ ጀመርኩ። ከቤት እስከ መናኸሪያ በጭቃ መሄድ፣ ሰልፍ፣ ከዚያ በአራት ሰው ወንበር ላይ አምስተኛ ሆኖ የሰው ክርን ጎን ውስጥ ተቀብሎ መውረድ። ሁለት ሳምንት ታገሥኩ። በሦስተኛው ማክሰኞ ጋሽ ታደሰ ቤት ገባሁና ሳይክሌን አወረድኩት።

እኔ ሰበብ አላበዛም። ያንን ቁልቁለት እወደዋለሁ። ከጉሙ ወጥቶ ፀሐይ ውስጥ መግባት አለ፤ አንድ ጥምዝ ላይ ሲደረስ ብርዱ ይቀራል። ይህን ለዘሀራ ብነግራት ይገባታል ወይ? አልሞከርኩም። መዋሸት ቀለለኝ።

ያን ቀን ከኮምቦልቻ ስመለስ መስመሩ ጀርባዬ ላይ አለ። ቤት ውስጥ በጎን በጎን ስሄድ፣ ፊቴን ወደ እሷ እንዳዞርኩ ስቀመጥ ስነሳ፣ ወገብህን አሞሃል እንዴ አለችኝ። ከዚህ በኋላ የኋላ ፓራፋንጎ የግድ ሆነ።

ጋሽ ታደሰ ዘንድ ለወፍራም ጎማ የሚሆን የፕላስቲክ ፓራፋንጎ ጥንድ ነበር። የኋላው ወዲያው ገጠመ። የፊቱ ቀዳዳው አልገጠመም፤ ተለክቶ እንደገና መበሳት አለበት። ጋሽ ታደሰ፣ «እመብርሃንን፣ የጣለህ የፊቱ ነው። እስከ ማክሰኞ ታገሠኝና እሱን ላስተካክልልህ» አሉኝ። እኔ ግን አስቤበታለሁ። ፊት መናኸሪያ ቧንቧ ላይ ይታጠባል፤ ጀርባ ግን እንዴት ይታጠባል? ደግሞ ዘሀራ የምታየው ጀርባዬን ነው። የፊቱ ይቆይ፣ የኋላው ይበቃኛል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቡሎኑን አጠበቁ።

ፓራፋንጎ ከተባለ ያ ነው። ሰፊ፣ ረጅም፣ ጠብታ የማያሳልፍ። ጠዋት ሃያ እርምጃ ሄጄ ሳይክሌን አነሳለሁ፤ ማታ ከመናኸሪያ እስከ ጋሽ ታደሰ በር ጫማዬንና ሱሪዬን በፌስታል ጠቅልዬ እነዳለሁ፤ ሃያዋን እርምጃ በኮብልስቶን ተራምጄ ቤቴ እገባለሁ። ጀርባዬ ንጹሕ። ሱሪዬ ንጹሕ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖርኩ። ፊቴን የምጠርግበት መሐረብ ብቻ ነበር የሚበላሸው፤ እሱንም ቦርሳዬ ሥር እቀብረዋለሁ።

አንድ ሐሙስ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። ዘሀራ ከገበያ ከተመለሰች ገና አንድ ሰዓት አልሞላትም። ጫማዎቿ በጭቃ ተለውሰው በሩ ጋ ናቸው፤ ጫማ መሆናቸውን የምታውቁት ጥንድ ስለሆኑ ብቻ ነው።

መኪና እንዴት ነበር አለችኝ። መከራ ነው፣ አምስት አምስት ሆነን ነው የወጣነው አልኳት።

«ከመናኸሪያ በእግርህ ነው የመጣኸው?»

«በእግሬ ነው እንጂ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ምን ይደረግ።»

ወደ እግሬ አየች። እኔም ወደ እግሬ አየሁ። ጫማዬ ጠዋት እንደጠረግሁት ነው። በዚያ ቀን ደሴ ውስጥ በእግሩ ተጉዞ እንዲያ ያለ ጫማ ያደረገ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ጭቃ አጋለጠኝ ብል ባላፈርኩ፤ እኔን ያጋለጠኝ የጭቃ መጥፋት ነው።

ዣንጥላዋን አነሳችና ወጣች። ተከተልኳት። ጋሽ ታደሰ ሲያዩን፣ ገና ጠዋት ግራሶ የቀቡትን ሰንሰለት እንደገና መቀባት ጀመሩ። ዘሀራ ሰላምታ ሰጠቻቸውና ወደ ሳይክሉ ሄደች። የኋላውን ፓራፋንጎ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ ፊት ዞረች። ከፊተኛው ጎማ በላይ፣ ምንም በሌለበት ቦታ ላይ እጇን አሳለፈች።

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ድምጿ ግን ቀጠነ። «እኔ እንዳላይህ ከኋላ አሠራህ» አለች። «አንተ እንድታይ ግን ከፊት አላሠራህም።»

በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ። ልብስ ሰፊዎች መርፌ ሲሰበርባቸው የሚሉትን እናንተ አልሰማችሁም። እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። አንድ እግሯ ላይ የእኔን ጫማ አድርጋ ከሚኒባስ ስትወርድ ትዝ አለችኝ። ይቅር በይኝ አልኳት። ድሮም ማለት የነበረብኝን፣ ያንን ቁልቁለት እወደዋለሁ አልኳት።

«ብከለክልህ ትዋሸኛለህ። ውሸታም ሆነህ ከምትወርድ እያየህ ውረድ» አለች። የጋሽ ታደሰን የፊት ፓራፋንጎ አየችው፤ አጭር ነው ብላ ናቀችው። ቤት ሄዳ ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካናችንን አመጣች። እንዴት እንደሚቆረጥ ራሷ በከሰል አሰመረችላቸው። ከመሪው ሥር ተነስቶ እስከ ታች የሚወርድ፣ ስፋቱ ሁለት መዳፍ የሚሆን ነገር ተገጠመ። የዘይቱ ስም ተገልብጦ ይነበባል። አሁን በዚያ መንገድ ላይ የማያውቀኝ የሚኒባስ ሾፌር የለም። ቢጫዬን ከሩቅ እያዩ ጡሩንባ ይነፉልኛል። ጭቃ ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኔን ነክቶት አያውቅም።

በዚህ አላበቃችም። ጋሽ ታደሰን፣ «የኋላውን ይፍቱልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ደንግጠው፣ የኔ ልጅ፣ ምን አጠፋ፣ ደህናው እኮ እሱ ነው አሏት። «ምንም አላጠፋ። ጀርባውን ማንበብ ስለምፈልግ ነው» አለች። ለካ ባለፈው ክረምት ሁሉ፣ ለእኔ ሳትነግረኝ፣ ሸሚዜን ስታጥብ መስመሩን ስታጠና ኖራለች። ቀበቶ ላይ ሲቆም ቀስ ብዬ እንደወረድኩ፣ ትከሻ ሲደርስ እንደፈጠንኩ፣ ኮሌታ ሲያልፍ እንዳበድኩ ታውቃለች።

እንግዲህ በዝናብ አገር ለማውንቴን ሳይክል የትኛው ፓራፋንጎ ይሻላል ብላችሁ ለምትጠይቁኝ መልሴ ይኸው ነው፤ የፊቱን አስቀድሙ። የኋላውን ሚስታችሁን ጠይቁ። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከቤት ስገባ ሰላም ከማለቴ በፊት ዞሬ ጀርባዬን አሳያለሁ። ሸሚዙንም ከዚያ ወዲህ የማጥበው እኔ ነኝ። ያንን ቁልቁለት አሁን ከላይ እስከ ታች ፍሬን ይዤ ነው የምወርደው። ሰዎች ሲያዩኝ፣ ያ ውድቀት አስተማረው፣ ገደሉን ፈርቶ ነው ይላሉ። ገደሉን አይደለም የምፈራው። ኮሌታዬን ነው።