ቢጫው ጨርቅና የሦስት ቀን ዕረፍት

ሰው ከሥራው ዕረፍት ሲሰጠው ከጎረቤቱም ዕረፍት የተሰጠው ይመስለዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አሠሪ «ሦስት ቀን አትምጣ» ሊል ይችላል፤ ጎረቤቱን «ሦስት ቀን አትምጣብኝ» ያለ ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሞክሬዋለሁ። በጣሊያን ጊዜ፣ እዚሁ ኮልፌ፣ በገዛ እጄ በቀደድኩት ጨርቅ ሞክሬዋለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም ያላወራሁት ጀግንነት ስለሌለበት ነው። በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ሁሉ ዛሬ ሲያወራ ወይ ድልድይ አፍርሷል፣ ወይ ለአርበኛ ስንቅ አቀብሏል። እኔ ያደረግሁትን እናገራለሁ፤ እናንተ ፍረዱ። እፍረት ዕድሜ ሲገፋ ይቀላል ያሉኝ ሰዎች እንደሆኑ ዋሽተውኛል።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነበር። በዚያ ክረምት ሰፈራችን ተስቦ ገባ። ጣሊያኖቹ ወዲያው ትእዛዝ አወጡ፤ በሽታው የገባበት ቤት በሩ ላይ ቢጫ ጨርቅ ይንጠለጠልበታል፣ ከዚያ ቤት ማንም አይወጣም፣ ወደዚያ ቤት ማንም አይገባም ተባለ። ገብቶ የተገኘ ሰው ጠጉሩ ከነጢሙ ተላጭቶ፣ ልብሱ ተቀቅሎ፣ ከሰፈሩ በታች ሜዳው ላይ በተተከሉት ድንኳኖች ዐሥር ቀን ይቀመጣል። መንግሥትን ያታለለ ደግሞ ጅራፍ ይጠብቀዋል። ታዲያ ያን ሁሉ ቢጫ ጨርቅ ማን ያዘጋጅ ነበር? እኔ ነኛ። ሐኪም ቤቱ አንድ ጣቃ አምጥቶ በክንድ በክንድ ቅደድ አለኝ፣ ቀደድኩ። ጠርዙን ሳልቀመቅም ግን አንዱንም አላስረከብኩም። የሰው በር ላይ ተንጠልጥሎ ክሩ ሲተረተር ቢታይ ስሙ የሚጠፋው የተስቦ ሳይሆን የእኔ ነው።

ነሐሴ ላይ ጣሊያኖች አንድ በዓል አላቸው። በአገራቸው በጋ ነው አሉ፤ ፀሐዩ ስለሚከር ሰው ሥራውን ዘግቶ ወደ ባሕር ይወርዳል። እኛ ዘንድ ነሐሴ ምን እንደሚመስል የኮልፌን ጭቃ የረገጠ ሰው አይጠይቀኝም። ቢሆንም መንግሥት በጋ ነው ካለ በጋ ነው። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ሥራ የለም ተባለና ዝናብ እየዘነበብን ለበጋ ዕረፍት ተሰናዳን።

ሰፈሩ ሁሉ ዕቅድ አወጣ። ከአጥር ማዶ የሚኖሩት ሐጂ ሸምሱ የአንድያ ልጃቸውን የዘይነባን ኒካሕ ሰኞ እንዲሆን ቆረጡ፤ ሙሽራው መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር ሌላ ነፃ ቀን አልነበረውም። ሐጂ በርበሬና ጨው ነጋዴ ናቸው፤ ደረታቸው ላይ የሚያርፍ ነጭ ጢም ነበራቸው፣ ሲያስታርቁ ያን ጢም አንዴ ዳበስ ካደረጉት ጠበኛው ሁሉ ዝም ይላል። ሚስታቸው ልጅቷን በአራስነቷ ትታባቸው ስለሞተች እናትም አባትም ሆነው ነው ያሳደጓት። የሙሽራዋን ቀሚስ ስለካ አጠገቤ ቆመው፣ የዚህችን ልጅ ኒካሕ በዓይኔ ካየሁ ሌላ ነገር አልመኝም ብለውኛል። ይህን የሰማ ጆሮ አሁንም ጭንቅላቴ ላይ አለ።

የእኛ የሥላሴ ማኅበር ደግሞ ቅዳሜ ላይ ዋለ። ደጋሹ ማን መሰላችሁ? እኔ ነበርኩ።

እኔ ግን የራሴ ታላቅ ዕቅድ ነበረኝ። መኪና ስፌት ላይ ጎብጬ ወገቤ ስላለቀ ባለቤቴን አስካለን ይዤ አምቦ ፍል ውሃ ልነከር አስቤአለሁ። ሱሪውን የምጥፍለት አንድ ጣሊያናዊ ሾፌር ለመንገድ ሠራተኞች ሽንኩርት ጭኖ ወደዚያ ይወጣ ነበርና በካሚዮኑ ሊወስደን ቃል ገባ። ታዲያ ማኅበሩንና ኒካሑን እንዴት ላምልጣቸው? ለምን በግልጽ አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። ተራዬን ከዚያ በፊት ሁለቴ አዛውሬዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሄጄ፣ ሰው በተስቦ እየረገፈ እኔ ፍል ውሃ ልዘፈዘፍ ነው የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? ማሰቡን ሳላፍርበት መናገሩን አፈርኩበት። ያኔ የነበርኩት ሰውዬ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ዓርብ ዕለት ዓይኔ ከተቀመቀመው ቢጫ ጨርቅ ላይ አረፈ። ዶቶሬው፣ ማለትም ቤት ለቤት እየዞረ በሽተኛ የሚመረምረው ጣሊያናዊ ሐኪም፣ እሱም እንደ ሰው ለሦስት ቀን ዕረፍት ሊሄድ ነው። የሚቀሩት ሁለት ዘበኞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ቢጫ ጨርቅ ወዳለበት ቤት ሃያ ክንድ አይጠጉም። ስለዚህ ጨርቁን ሰቅዬ እሄዳለሁ፣ ሰኞ ማታ ተመልሼ አወርደዋለሁ፣ ማክሰኞ ዶቶሬው ሲመጣ በር ላይ ምንም የለም። አንድ ክንድ ጨርቅ ሁለት ድግስ ሸፈነ። አስካለ ስትሰማ፣ በጤናህ ላይ ታሟርታለህ እንዴ ብላ አማተበች። ካማተበች በኋላ ግን አዲሱን ጫማዋን ከመደርደሪያ አወረደች፤ ስለዚህ ኃጢአቱን ብቻዬን አልሸከምም።

ቅዳሜ ማለዳ የፊቱን በር ከውስጥ ቀርቅረን፣ በጓሮ ወጥተን፣ የጓሮውን መዝጊያ በገመድ አስረን ካሚዮኑ ላይ ወጣን። ጉዟችን እንዴት ነበር? ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ሳንሱሲ እስክንደርስ ድረስ እጅግ ያማረ ነበር። ሳንሱሲ ላይ ካሚዮኑ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ገባና ቆመ። ሾፌሩ በቋንቋው ቅዱሳኑን ሁሉ በየስማቸው ጠራቸው፤ አንዱም አልመጣለትም። የሚጎትተን ሌላ ካሚዮን እስኪገኝ ተብሎ ቅዳሜን ከሽንኩርቱ ጋር ሸራ ሥር ዋልን፣ አደርን፤ እሑድንም እንዲሁ። በእግራችን ብንመለስ ከምሳ በፊት ቤታችን እንደርስ ነበር። ግን በተስቦ የተያዘ ሰው በቀትር ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ በኮልፌ መንገድ ይታያል? እሑድ ሲመሽ አስካለ በተስቦ መሞት ከዚህ ይሻላል አለች። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰፈሩ ሳይነሣ፣ በጓሮ ሾልከን ቤታችን ገባን። የጓሮው መዝጊያ ገመድ እኔ ካሰርኩት በተለየ አስተሳሰር ታስሯል። ነፋስ ነው አልኩ፤ ነፋስ ቋጠሮ ሲቋጥር ያየ ካለ ይንገረኝ።

ጭቃችንን ሳናራግፍ ከፊት ለፊት አጥር «ዘነበ ልጄ፣ እንዴት አደርክ? ሥላሴ ይማሩህ» የሚል ድምፅ መጣ። የማኅበራችን አለቃ አቶ ሀብቴ ናቸው። አስካለ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ አቃሰትኩ። ለማቃሰቱ አልተቸገርኩም፤ ሁለት ሌሊት ሽንኩርት ላይ የተኛ ወገብ ራሱ ያቃስታል።

አቶ ሀብቴ ድምፄን ሲሰሙ በደስታ አለቀሱ። ከዚያ ዝናቡ ውስጥ ቆመው የሦስቱን ቀን ወሬ ያቀብሉኝ ጀመር። ተራህ እንዳይታጎል ብለን ቅዳሜ ጽዋውን አጥርህ ሥር ጠጣነው አሉኝ። እያንዳንዱ ከቤቱ ዳቦና ጠላ አምጥቶ፣ ዘበኞቹ ተመለሱ ቢሏቸውም እንቢ ብለው፣ በእኔ ስም ደግሰው፣ በእኔ ስም ጸልየው፣ ድርሻዬን በመሶብ አጥሩ ላይ ሰቅለውልኝ ሄደዋል። በጣሊያን ትእዛዝ አይመጡም ብዬ ነበር እኮ። የታመመ ሰው በራፍ ላይ ሄዶ አለመቆም ለእነሱ ከተስቦም ከጅራፍም እንደሚብስ፣ እዚያው ተወልጄ እዚያው አድጌ እንዴት ጠፋኝ?

«ሐጂ ሸምሱ ባይኖሩ ግን አንተን አናገኝህም ነበር» አሉ ቀጥለው። ቅዳሜ ከሰዓት ሐጂ ከቤቴ ጭስ አለመውጣቱን አይተው፣ ባልና ሚስት ተያይዘው ወድቀው ውሃ የሚያቀብላቸው አጡ ብለው ተጨነቁ። ዘበኞቹ ሲከለክሏቸው በጓሮ ዞረው ገቡ። «በእጃቸው ውሃ አጠጥተውሃል። ላብ በላብ ሆነሃል፣ ነገር ግን ይተርፋል አሉን። አስካለም ደክሟት ተኝታለች አሉ። ሲወጡ ዘበኞቹ ያዟቸው። ጢማቸውን ላጯቸው ልጄ። አሁን ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ ዛሬ ደግሞ የዘይነባ ኒካሕ ነው።»

አስካለና እኔ ተያየን። ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ሳንሱሲ ጭቃ ውስጥ ነበርን። ሐጂ ውሃ ያጠጡት ማንን ነው? ባዶ ቤት ገብተው፣ ባዶ አልጋ አይተው ወጥተዋል፤ ወጥተውም ይተርፋል ብለዋል። አስካለ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር፤ የኮልፌ መሬት በነሐሴ ያን ለማድረግ የሚያንሰው ነገር አልነበረም።

ኒካሑ ሊታሰር ገና ሁለት ሰዓት ያህል ይቀራል። ሄጄ እውነቱን ብናገር ሐጂ ይለቀቃሉ ብዬ ቆረጥኩ። አቶ ሀብቴ እንደሄዱ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ በጓሮ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ዝናቡን ሸሽቶ ዘበኛው የለም። ድንኳኖቹን የከበበው ገመድ ዘንድ ደርሼ ሐጂን ብፈልግ አጣኋቸው። ፊት ለፊቴ ግንድ ላይ የተቀመጡት አገጫቸው የገረጣ፣ ትንሽ፣ ባዕድ ሽማግሌ እሳቸው መሆናቸውን ያወቅሁት ስሜን ሲጠሩ ነው። እንዲህ ያለ እፍረት ከዚያ በፊት አላውቅም፣ ከዚያም በኋላ አላየሁም። ይቅር ይበሉኝ ማለት ፈልጌ፣ «ሐጂ፣ እንዴት አደሩ?» አልኩ።

አልሐምዱሊላህ አሉ። ቤቴ የገቡ ጊዜ መጀመሪያ ሁለታችንም ሞተን የተወሰድን መስሏቸው እንደደነገጡ ነገሩኝ። «ኋላ ሳይ የአስካለ አዲሱ ጫማ ቦታው ላይ የለም። ተስቦ የያዘው ሰው አዲስ ጫማ አድርጎ የት ይሄዳል?» አሉ። ዘበኞቹ በር ላይ ሲጠብቋቸው ማንም የለም ቢሉ ኖሮ እሳቸው በሰላም ወደ ልጃቸው ይሄዱ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጅራፍ ሥር እወድቅ ነበር። «ያ ወገብህ ጅራፍ አይችልም» አሉኝ። «ጢም ይበቅላል።»

አሁኑኑ ዘበኛውን ፈልጌ እናገራለሁ፣ ለኒካሑ ይደርሳሉ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ኒካሑን በእሳቸው ፋንታ እንዲያስር ወንድማቸውን ወክለዋል። «አጠጣሁት ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬአለሁ። አሁን ብትናገር አንተ ትገረፋለህ፣ እኔ ውሸታም እባላለሁ። በልጄ ቀን ውሸታም አታሰኘኝ፤ ይልቅ ገብተህ ተኛና ዳን» አሉ። ይህን እያሉ ሳለ ከላይ ከሰፈሩ የሴቶቹ እልልታ ተሰማ። ሙሽራው መጥቶ ነው። ሐጂ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው እልልታው እስኪያልቅ አዳመጡ፤ እጃቸው ጢማቸውን ሊዳብስ ሄዶ ባዶ ደረታቸው ላይ ቀረ። እኔ የሠራሁትን ሠራሁ፤ ያን እጅ ያየሁበትን ዓይን ግን አውልቄ የምጥልበት አጣሁ።

እልልታው ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሩ። እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና፣ እንግዳ ከመንገድ ሲመለስ እንደሚጠየቀው አድርገው፣ ለመሆኑ የት ነበራችሁ አሉኝ። ለአምቦ ፍል ውሃ ብለን ወጥተን ነበር አልኩ። ታዲያ ወገብህን ተሻለህ አሉኝ፤ ከዚህ ሁሉ ቢያንስ ያን ያህል ጥቅም ተገኝቶ እንደሆነ ለማወቅ ከልባቸው ነው የጠየቁት። እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ፤ በሕይወቴ ውሸት ጽድቅ የሚሆንበት ሰዓት መጥቶ የነበረው ያኔ ነው። እኔ ግን እውነት መናገር የጀመርኩት እዚያ ላይ ሆነና፣ ከሳንሱሲ አላለፍንም አልኳቸው።

ሐጂ ቀስ ብለው፣ «ለሳንሱሲማ ብትነግረኝ ኖሮ፣ ልጄ፣ በበቅሎዬ አድርሼህ እመለስ ነበር» አሉኝ።