ላሟን ሊጠይቁ የመጡ እንግዶች

ሰው በገዛ ቤቱ ስንተኛ እንደሆነ ማወቅ ከፈለገ መታመም አለበት። ጤነኛ ስትሆኑማ ሁሉም «ጋሼ፣ ጋሼ» ይላችኋል፤ ደረጃችሁ አይታወቅም። እኔ ታምሜ አይቼዋለሁ። ሁለተኛ ነኝ። አንደኛዋ ላማችን ናት።

ሶዶ ገበያ ጨው በስኒ እየሰፈርኩ ራሴን የቻልኩ ሰው ስለሆንኩ የማልቆጥረው ነገር የለም። ስብከት ሲረዝም እንኳ የጣሪያውን ማገር እቆጥራለሁ (ይህን ለመጋቢው እንዳትነግሩብኝ)። ጎረቤቶቼም ይህን ስለሚያውቁ፣ ለመስቀል በጋራ የምናርደውን በሬ እኔ እንድገዛ ይልኩኛል። ዘንድሮም ቆላ ወዳለው ተበላ ገበያ ወርጄ አንድ ቀይ በሬ አመጣሁ። ሻኛው አይወራ! ግን የቆላ በሬ ነውና ጆሮው ሥርና ከጭራው በታች መዥገር ተደርድሮበታል።

ከላማችን አጠገብ አሰርኩት። ላማችን ድቅል ናት፤ የትንሿ ልጃችን የኮሌጅ ክፍያ የሚወጣው ከእሷ ጡት ነው። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ መዥገሩን በባዶ እጄ ለቀምኩ። አርባ አንድ! እየነቀልኩ፣ እየቆጠርኩ፣ ጭዱ ላይ ወረወርኩት። ቁጥሩንም ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ። መዥገሮቹ ከዚያ ወዴት እንደሄዱ ግን አልጠየቅሁም።

ብዙም ሳይቆይ ላሟ ሣር ጠላች፤ ወተቷም ነጠፈ። በዚያው ሰሞን እኔንም ትኩሳት ጣለኝ፤ ብብቴ ሥር ጥቁር ቁስል ወጣ። «ወባ ነው» ብዬ ተጠቅልዬ ተኛሁ። በምን እንደተጠቀለልኩ አትጠይቁኝ፤ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ላሟ ለብሳዋለች።

ጠያቂ ጎረፈ። ከመኝታ ቤቴ ሆኜ እሰማለሁ።

«እንዴት ዋለች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ውኃ ቀመሰች» ትላለች ባለቤቴ።

«ጋሼስ?»

«እሱም አለ፣ ጓዳ ነው።»

ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ለላሟ ረጅም ጸሎት አደረጉ። «አሜን» ከማለታቸው በፊት ለእኔም አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨመሩ።

በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም ተጠራ። ላሟን መርምሮ ወጋትና «ከመዥገር የመጣ ነው። በሬውን ማነው ያጸዳው?» አለ።

«እኔ! አርባ አንድ!» አልኩ ከአልጋዬ፣ በኩራት።

«ወዴት ጣሏቸው ጋሼ?»

«ጭዱ ላይ።»

ባለቤቴ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። «የታምራት አባት፣ ከበሬው ነቅለህ ለላሜ አደልካት?»

ሐኪሙ ቁስሌንም አየ። «ወባ አይመስለኝም፤ አንዱ እርስዎንም ሳይነክስዎት አልቀረም። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አለኝ። ሄድኩ። የተሰጠኝ ኪኒን ላሟ ከተወጋችው መድኃኒት ጋር ዘመድ ነው ሲሉኝ ለባለቤቴ ነገርኳት። «እሷ ከተሻላት እኮ አንተም ይሻልሃል» ብላ ውኃ ልታመጣልኝ ሮጠች። በሬው ግን፣ የሁላችን መከራ ምንጭ፣ ይበላል፣ ያመሰኳል፣ ይተኛል።

አንድ ጠዋት ከበረት እልልታ ተሰማ። «በላች! በላች!» ከአልጋዬ በባዶ እግሬ ዘልዬ ሮጥኩ። እውነትም ላሟ ሣሩን ታደቅቀዋለች። አንገቷን አቅፌ ስስቅ፣ ባለቤቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ለካ መሮጥ ትችላለህ» ብላ ማጭድ አስጨበጠችኝ።

ሣር ላጭድ ስወጣ ጠያቂዎቹ መንገድ ላይ አገኙኝ።

«ጋሼ፣ ላሟ ዳነች አሉ!»

«አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፣ «ድነናል።»