ቺካ ራዶይኮን ዝም ያሰኘንበት ዕለት

የኢንተርኔት ጨዋታ የነካካ ሰው ሁሉ እኚህን ሰውዬ ያውቃቸዋል። አገሩ ይለያያል እንጂ ሰውዬው አንድ ናቸው። ጋዜጦች «የጨዋታው መንደር በመርዝ ተሞልቷል» ብለው ሲጽፉ፣ መርዙ እርሳቸው ናቸው። በእኛ የተኩስ ጨዋታ ቡድን ይህንን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ሰርቢያ ውስጥ የቻቻክ ከተማው ክቡር ራዶይኮ ናቸው፤ እኛ «ቺካ» እንላቸዋለን፣ ጋሼ እንደማለት ነው። ጠዋት ሳምቡሳ መሳይ ትኩስ ቡሬክ ለየሱቁ ያድላሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስድብ ያድላሉ።

«አንተ ቲሆሚር፣ አንተ ያልበሰለ የሳርማ ጎመን! አያቴ በመጥረጊያ እንጨት ካንተ የተሻለ ትተኩሳለች!» ይሉኛል። በመስኮት ዘልዬ ስሞት፣ «ማን ጠራህ እዚያ? ሰርግ መሰለህ?» መሣሪያዬን ሳላጎርስ ስሮጥ፣ «ወዴት ነው ባዶ እጅህን፣ ልታቅፋቸው ነው?» አንዴ ማስነጠሴን ሳይቀር ተችተውብኛል። የሚያናድደው ደግሞ አለመሳሳታቸው ነው። የምራቷን ጥፋት የምትፈልግ አማት ዓይን አላቸው፤ ከአምስታችን አንዱም አያመልጣቸውም።

ያ እሁድ ከሰዓት ግን የቀልድ ቀን አልነበረም። ካሸነፍን ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን እናልፋለን፣ ከተሸነፍን የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ። የቡድኑ መሪ ቩካሺን ጨዋ ልጅ ነው፣ ስድብ ያንቀጠቅጠዋል። «ዛሬ እንኳ በሰላም እንጫወት» አለንና ለቺካ ሳንነግራቸው ሁላችንም ድምፃቸውን ዘጋነው። በዚህ ጨዋታ የዘጋኸው ሰው ጽሑፉም አይደርስህም። እፎይ! «ጎበዝ!»፣ «በርታ!» እየተባባልን ስንጫወት ሰንበት ትምህርት ቤት መሰልን።

መሀል ላይ ዴሳንካ ግድግዳ ትገፋ ጀመር። ዴሳንካ ኡዢጼ ከተማ ብቻዋን ትኖራለች፣ የስኳር ሕመም አለባት፣ ከሁላችንም የተዋጣላት ተኳሽ ናት። አሁን ግን ወታደሯ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ዝም ብሎ ይራመዳል።

«አይዞሽ ዴሳ፣ ያጋጥማል» አላት ቩካሺን።

«እ... በግራ... ነው» አለች ምላሷ እየተሳሰረ። ደክሟት ነው ብለን አለፍነው። ጨዋዎች አይደለን!

ይኼኔ ቺካ ራዶይኮ ዞር አሉና ቩካሺንን ተኮሱበት። የራሳቸውን መሪ! ወዲያው እኔን ደገሙኝ። በእኛ መንደር ከዚህ የከፋ ወንጀል የለም።

«ሽማግሌው አበደ! ድምፅ ስጡ፣ አሁኑኑ ይባረር!» ብሎ ጮኸ ቩካሺን።

የማባረሪያው ምርጫ ስክሪኔ ላይ ወጣ። ጣቴ «ይባረር» የሚለው ላይ ነበር፤ ደሜ ፈልቷል። ብቻ አንድ ጊዜ የልቤን ሳልነግራቸው እንዲሄዱ አልፈለግሁም። ልሰድባቸው ድምፃቸውን ከፈትኩት።

«...ስኳሯ ወርዷል! እናንተ ደንቆሮዎች፣ ልጅቷ እየሞተች ነው! አንድ የሚሰማኝ ሰው ይጥፋ?»

ለካ የተኮሱብን እንድንሰማቸው ኖሯል። «ቺካ፣ እኔ እየሰማሁዎት ነው!»

«አምቡላንስ ጠርቻለሁ። ጎረቤቷ በሩ ላይ ቆማለች፣ ግን ከውስጥ ተቆልፏል። እኔን ዘግታኛለች፣ አንተን ትሰማሃለች። ጁስ ጠጪ በላት! በሩን ክፈቺ በላት! ቶሎ!»

«ዴሳ! ጁስ ጠጪ! አሁን!»

«ተወኝ... ልጨርስ...»

«እባክሽ ዴሳዬ...»

«አትለማመጣት!» አሉ ቺካ በጆሮዬ። «ስደባት!»

በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሰድቤ አላውቅም። ግትር በቅሎ አልኳት፣ ሰነፍ አልኳት፣ ዘሯን ቆጥሬ ሰደብኳት። ኩባያ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ እግር ሲጎተት። ከዚያ ምንም። ቩካሺን «ዴሳ፣ ዴሳ» እያለ ያለቅሳል። ጨዋታው አለቀ፣ ተሸነፍን፣ ማን ልብ አለው? በመጨረሻ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁና፣ የአንዲት ሴትዮ ድምፅ «ልጄ! ልጄ፣ አፍሽን ክፈቺ!» ሲል እኔም እንደ ሕፃን አነባሁ።

ዴሳንካ ተረፈች። ቺካ ጎረቤቷን ከየት እንዳወቋት የነገረችንም እሷው ናት። ለስላቫ፣ ለቤተሰብ ቅዱስ በዓል፣ ማንም ሰው አይጠራም፤ ቀኑን ያወቀ ይመጣል። ቀኑን ለሁላችንም ነግራን ነበር። እኛ ጨዋዎቹ በስልክ የልብ ሥዕል ላክንላት። እኚያ ተሳዳቢ ግን ቡሬካቸውን አድለው ሲጨርሱ ራኪያ አረቄያቸውን ይዘው ኡዢጼ ድረስ ሄደው፣ ከጎረቤቷ ጋር አንድ ገበታ ቀርበዋል። አፈርኩ፣ ምን እላለሁ።

የጨዋታው አስተዳዳሪዎች ግን ደንብ ደንብ ነው አሉ። ወገን ላይ ተኩሰዋልና ክቡርነታቸው ለጊዜው ታገዱ። በምትካቸው የመጣው ልጅ ደግሞ ጨዋነቱ ለጉድ ነው! በማይሆን ቦታ ገብቼ ስሞት «ጥሩ ሙከራ!» አለኝ። ስሞት እኮ አላየኝም። ቺካ ክፉኛ ናፈቁኝ።

ትናንት ዴሳንካ ስልኳን ስክሪኗ ፊት ለፊት አቁማ፣ በቪዲዮ ደወለችላቸውና ጨዋታውን ታሳያቸው ጀመር። ወዲያው ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«ያ ከፊትሽ የሚንገዳገደው ማነው? ያ ቲሆሚር ነው? አተኳኮሱን እዪው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ምሳ አልበላም እንዴ ይኼ ልጅ?»

እውነትም አልበላሁም ነበር።