ዝም ይነቅዛል የሚሉት ጋሼ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የተመሰከረለት ሰው አይጠፋም። የተማረ አላልኩም፤ የተማረማ ሞልቷል። የተመሰከረለት ማለት ፈተና ተቀምጦ፣ በአንጋፋ ባለሙያዎች ፊት ቀርቦ «ይህ ሰው ሥራውን ያውቃል» የተባለለት፣ ከዚያ ወዲህም ይህንን ማንም እንዲረሳው የማይፈቅድ ሰው ነው። ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ ብትጠይቁት፣ መጀመሪያ የሰዓቱን ምንጭ ያብራራላችኋል።

የእኛ መሥሪያ ቤት ውሃ ያከፋፍላል። የእኛ የተመሰከረላቸው ደግሞ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ናቸው። እኔ የመሥሪያ ቤቱን መጽሔት ስለማዘጋጅ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። ሲሰሙ «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ «ክቡር የተመሰከረላቸው»። ይህንንም ያውቃሉ። አንድ ቀን ጠሩኝና «ስታሙኝ "በሕዝብ ግንኙነት ሙያ" የሚለውንም ጨምሩበት። የሙያ ማኅበራችን ማዕረግን ቆርጦ መጥራት አይደግፍም» አሉኝ።

ማዕረጉን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ማቆየቱ ግን ልጅ እንደማሳደግ ነው፣ እረፍት የለውም። ማኅበሩ በየሦስት ዓመቱ ያድሰዋል፤ ለማደስ ደግሞ ነጥብ ይጠይቃል። ሥልጠና ብትካፈል ነጥብ፣ ጀማሪ ብታስተምር ነጥብ፣ በነጻ ብታገለግል ነጥብ። ስለዚህ ጋሼ ሰርግ ሲጠሩ «ንግግር አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጎረቤቶቻቸው በአጥር ተጣልተው ሲያስታርቋቸው፣ ሰዎቹ ገና ተቃቅፈው እየተላቀሱ ሳለ፣ መሐላቸው ገብተው «ይኼ የባለድርሻ አካላት ግንኙነት ይባላል፤ ነጥብ አለው። እባካችሁ እዚህ ጋ ፈርሙልኝ» ብለዋል። ጎረቤቶቹ ፈረሙ። ባይፈርሙ ዕርቁ የሚፈርስ መስሏቸው ነበር።

ሁለተኛው አመላቸው «የመጀመሪያው ሰዓት» የሚሉት ነው። ችግር በተፈጠረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ነገር መናገር ግዴታ ነው ይላሉ፦ የምናውቀውን፣ የማናውቀውን፣ ተመልሰን የምንመጣበትን ጊዜ። አንድ እሑድ ቤታቸው ምሳ ተጠርቼ ቁጭ ብያለሁ፤ ከጓዳ ዕቃ ሲከሰከስ ተሰማ። ጋሼ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ብቅ አሉና ባለቤታቸው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«የምናውቀው፦ ሳህን ተሰብሯል። የማናውቀው፦ ስንት እንደሆነ። ከምሳ በኋላ ተመልሼ አስታውቃለሁ።»

«ማነው የሰበረው፣ አንተ ሰውዬ?»

«እኔ። እሱ እንኳ ከሚታወቀው ውስጥ ነበር፤ ዘለልኩት፣ ይቅርታ።»

ባለቤታቸው ወደ እኔ ዞር ብለው «እኔ እኮ ባል አይደለም ያገባሁት፣ ማይክሮፎን ነው» አሉኝ። ከምሳ በኋላ ጋሼ እንዳሉት ተመልሰው መጥተው፣ የተሰበረው ሦስት መሆኑን በይፋ አስታወቁ።

ሥራ አስኪያጃችን በዚህ አይስማሙም። የእሳቸው ሃይማኖት «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ነው። ስብሰባ ላይ ተረቱን በጠሩ ቁጥር ጋሼ እጃቸውን አውጥተው «ይነቅዛል!» ይላሉ፤ ቃለ ጉባኤ ላይም ያስመዘግባሉ።

ዘንድሮ እድሳታቸው ደረሰ። ነጥቡ ሞልቷል። የቀረው በአንጋፋዎቹ ፊት ቀርቦ ሥራን ማስረዳት ብቻ ነው። በዕለቱ ያልተገኘ ግን ማዕረጉ ይነሳል፤ መልሶ የሚፈልገው ከጀማሪዎች ጋር ከሀ ጀምሮ ፈተና ይቀመጣል። ጋሼ በዚያ ጠዋት ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው፣ ፋይላቸውን ሊወስዱ ቢሮ ብቅ አሉ። ስልኩ ሁሉ ይጮሃል። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ቡናማ ሆኗል፤ የሰፈሩ ሰው ባልዲና ጀሪካኑን ይዞ በራችንን ሞልቶታል።

«ቴክኒሻኖች እያዩት ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ዝም አይነቅዝም።»

«ይነቅዛል ጌታዬ። ሰዉ እኮ እየጠጣው ነው!»

«ምክንያቱን ሳናውቅ ወጥተው ምን ሊሉ ነው?»

«አናውቅም ነዋ የምለው።»

እኔ ጭንቅ አለኝ። «ጋሼ፣ እድሳትዎ! እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ለአንተ ተመስክሮልሃል?» ብለው ወጡ።

በሩ ላይ አንድ ባልዲ በአፉ ተደፍቶላቸው እሱ ላይ ቆሙ። «የምናውቀው፦ ውሃው ተበላሽቷል። አትጠጡት፣ ለሕፃንም አትስጡ። የማናውቀው፦ ለምን እንደተበላሸ። ስድስት ሰዓት ላይ እዚሁ መጥቼ እነግራችኋለሁ።»

«እስከዚያ ካላወቃችሁስ?» አለች ልጅ ያዘለች ሴት፣ በቁጣ።

«እንዳላወቅን ልነግርሽ እመጣለሁ።»

ወደ እድሳቱ የሚያደርሳቸው ሹፌር ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል። ወዲያው ቢነሱ ይደርሱ ነበር፤ ለስድስት ሰዓት ግን መመለስ አይችሉም። ጋሼ መኪናውን አዩ፣ ባልዲውን አዩ፣ ከዚያ ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። ስድስት ሰዓት ላይ ወጥተው «እስካሁን አላወቅንም፤ ስምንት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» አሉ። የሚጮህ አልነበረም። ያቺው ሴት ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ወንበር አቀረበችላቸው። ስምንት ሰዓት ላይ የተሰበረው ቧንቧ ተገኝቷል፣ ንጹሕ ውሃ የጫኑ ቦቴዎችም ወጥተዋል። አንጋፋዎቹ ግን ጨርሰው ተበትነዋል።

በማግስቱ ጋሼ ማንም ሳያዛቸው ካቻቢቴ ይዘው መጡና ከበራቸው ላይ፣ ከስማቸው ሥር ያለችውን የማዕረግ ሰሌዳ ፈቱ። አንጀቴን በሉት። «ለማኅበሩ ያለውን ነገር ያስረዱ እንጂ፣ ይገባቸዋል እኮ» ብላቸው፣ «ደንብ ደንብ ነው። ያልታደሰ ማዕረግ ለጥፌ ስለ እውነት መግለጫ ልሰጥ ነው?» አሉኝ። ሰሌዳዋን ቅርጫት ውስጥ ጣሏት። እኔ አንስቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ብሎኖቿም አሉ።

ከዚያ ለጀማሪዎች ፈተና ተመዘገቡ። ምሳ ሰዓት ላይ ጥያቄ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ። «ማስጠናት ነጥብ እንዳለው ታውቃለህ?» ይሉኛል። አባል አይደለሁም ስላቸው «ሁን ታዲያ! ማን ያዘህ?» ይላሉ። ሳስበው ማንም አልያዘኝም። የአባልነት ቅጹን ጠይቄያለሁ።

ትናንት ተፈተኑ። እንደወጡ ደወሉ፦ «የምናውቀው፦ ፈተናው አልቋል። የማናውቀው፦ ውጤቱ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ።»

አስራ አንድ ሰዓት የመውጫ ሰዓታችን ነው። ትናንት ግን ማንም አልወጣም። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሰበብ ሲፈልጉ የቆዩ መስለው፣ ስልኩ አጠገብ ቆመዋል። ጮኸ። አነሳሁት።

«ውጤቱ እስካሁን አልታወቀም» አሉ ጋሼ። «እደውላለሁ ስላልኩ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ።» ዘጉት።

«ምን አሉ?» ሥራ አስኪያጁ ናቸው።

«አልታወቀም። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ ብለዋል።»

ሥራ አስኪያጁ የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካሉማ ይደውላሉ» አሉ።